ለሕፃናት የሚሆን ትንሽዬ ማባበያ ብርድ ልብስ በኪሮሽ አሠራር

ማባበያ ብርድ ልብስ አልጋ ላይ የሚነጠፍ አይደለም። ሕፃኑ በአንድ እጁ ጨብጦ ከክፍል ክፍል የሚጎትተው፣ ጥጉን የሚያኝከው፣ ሲከፋው ፊቱን የሚደብቅበት፣ ሲጠፋበት ደግሞ ቤቱን በለቅሶ የሚያናውጥበት ቁራጭ ጨርቅ ነው። ስለዚህ ስለ መልኩ ከመጨነቅ በፊት ሁለት ነገር ይታሰብ፦ አፍ ውስጥ ሲገባ ምን ይሆናል? ሃምሳ ጊዜ ከታጠበ በኋላስ ምን ይመስላል? የክሩ ምርጫም፣ የኪሮሹ ቁጥርም፣ ጭራው (ሥራው ሲያልቅ የሚተርፈው የክር ጫፍ) የሚደበቅበት መንገድም የሚወሰነው በእነዚህ ሁለቱ ነው።

ተስማሚው ልክ 30 በ30 ሴንቲ ሜትር ነው። እስከ 25 ቢያንስ ወይም እስከ 35 ቢጨምር ችግር የለውም። ከ40 ሲያልፍ ገና መራመድ የጀመረ ልጅ እየረገጠው ይወድቃል፤ ከ20 ሲያንስ ደግሞ ለመጨበጥ አይመችም፣ ቶሎም ይጠፋል።

አንድ ነገር ሳይነገር አይታለፍም። ልጁ 12 ወር ሳይሞላው ይህን ጨርቅ ይዞ መተኛት የለበትም። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ በ2022 ያደሰው መመሪያ ዓመት ያልሞላው ሕፃን በሚተኛበት ቦታ ብርድ ልብስ፣ ትራስና ለስላሳ መጫወቻ እንዳይኖር ያዛል፤ ፊት ላይ ወድቆ ሊያፍን ስለሚችል ነው። ከዚያ በፊት የሚሰጠው ነቅቶ ሳለ፣ ዐዋቂ እያየው ብቻ ነው። ስጦታ አድርጋችሁ የምትሰጡ ከሆነም ይህን ለወላጆቹ በቃል ንገሯቸው፤ ቆንጆ ነገር ሲያዩ ወዲያው አልጋ ውስጥ ማስገባት የተለመደ ነውና።

ክሩ

የመጀመሪያው ምርጫ ጥጥ ነው። ምራቅ ይመጥጣል፣ ደጋግሞ ቢታጠብ አይበላሽም፣ ሲታኘክም ፀጉር አይተውም። ጉድለቱ አለመለጠጡና አዲስ ሳለ ደረቅ ማለቱ ነው፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ሲታጠብ ይለዝባል። አክሪሊክ ርካሽና ቀላል ነው፣ ቶሎም ይደርቃል፤ ግን ምራቅ አይመጥጥም፣ ጥራቱ ዝቅ ያለው ደግሞ ከወር በኋላ ላዩ ላይ ትናንሽ እንክብሎች ያወጣል። ግማሽ ጥጥ ግማሽ አክሪሊክ የሆነው ክር ጥሩ መካከለኛ ነው። የበግ ሱፍ የምትመርጡ ከሆነ መጠቅለያው ላይ በማሽን መታጠብ እንደሚችል የተጻፈበት ይሁን። ያለበለዚያ በሙቅ ውሃ አንድ ጊዜ ሲታጠብ ተጨማትሮ የመዳፍ ያህል ይቀራል።

ፀጉራም ክር አትጠቀሙ፤ ፀጉሩ አፍ ውስጥ ይቀራል። እንደ ቬልቬት የሚለሰልሰው ወፍራም ክርም ሲዳሰስ ደስ ቢልም ለዚህ ሥራ አይሆንም። ከመሀሉ ካለው ቀጭን ክር ላይ ጭገሩ እየተነቀለ ይራገፋል፤ ስለሚያዳልጥም ውስጡ የተደበቀ ጭራ ይሾልካል። ብልጭልጭ የብረት ክር የተቀላቀለበት ደግሞ የሕፃን ቆዳ ይቧጥጣል።

ውፍረቱ መካከለኛ ይሁን፤ መጠቅለያው ላይ «ዲኬ» ወይም 3 ቁጥር የሚል ምልክት ያለው ማለት ነው። በጥጥ ከሆነ 50 ግራሙ ጥቅል ከ100 እስከ 125 ሜትር ይሆናል። ለጨርቁ ብቻ 100 ግራም ይበቃል፣ የእንስሳ ጭንቅላት ከተጨመረበት 150 ግራም ያዙ። ሁሉንም ጥቅል በአንድ ጊዜ ግዙ፤ መጠቅለያው ላይ ያለው የሎት ቁጥርም (ክሩ በየትኛው ዙር እንደተቀለመ የሚያሳየው) አንድ ዓይነት መሆኑን አረጋግጡ። ቁጥሩ ከተለያየ «ያው ነጭ ነው» ብላችሁ የጀመራችሁት ነጭ ከመሀል ጀምሮ ሌላ ነጭ ይሆናል።

ደማቅ ቀይ፣ ጥቁር ሰማያዊና ጥቁር ከመሥራታችሁ በፊት ይፈተኑ። አንድ ክንድ ያህል ክር ቁረጡ፣ በሞቀ ውሃ አርሱት፣ በነጭ ጨርቅ ጠቅልላችሁ አጥብቃችሁ ጭመቁት። ነጩ ላይ ቀለም ከታየ ያ ክር ለሌላ ሥራ ይቀመጥ። በጨው ወይም በኮምጣጤ መዘፍዘፍ ፋብሪካ ያቀለመውን ክር አስተማማኝ በሆነ መንገድ አያጸናውም፤ ልጁ ደግሞ የሚያኝከው ያንኑ ነው።

ኪሮሹና መሞከሪያው

ለጨርቁ 4 ሚሊ ሜትር፣ ለጭንቅላቱ 3 ሚሊ ሜትር ኪሮሽ ያስፈልጋል። ከዚህ ሌላ መቀስ፣ ሜትር፣ ጫፉ ደነዝ ቀዳዳው ሰፊ የሆነ መርፌ በቂ ነው።

እዚህ የምንሠራው አንድ ነጠላ፣ አንድ ሰንሰለት እያልን የምንፈራርቀውን ነው። ሰንሰለት ማለት ክር ጠልፎ ኪሮሹ ላይ ባለው አንድ ቀለበት ማሾለክ ነው። ነጠላ ማለት ኪሮሹን አስገብቶ ክር ስቦ ማውጣት (አሁን ኪሮሹ ላይ ሁለት ቀለበት አለ)፣ ከዚያ ክር ጠልፎ በሁለቱም ቀለበት ማሾለክ ነው። ይህ አሠራር ለማባበያ የሚመረጥበት ምክንያት አለው። በነጠላ ብቻ የተሠራ እንደ ካርቶን ይገተራል፤ ኪሮሹ ላይ ክር እየጠቀለሉ የሚሠራው ረጅሙ ደግሞ የሕፃን ጣት የሚሾልክበት ክፍተት ይተዋል። ጣት ቀዳዳ ውስጥ ገብቶ ክር ቢጠመጠምበት ደም ሊያቋርጥ ይችላል፤ ስለዚህ ዳንቴል የሚመስል ቀዳዳ ቀዳዳ ሥራ፣ ምንም ቢያምር፣ ለዚህ አይሆንም። የሚፈራረቀው ግን እያንዳንዱን ክፍተት ቀጣዩ ረድፍ ስለሚደፍነው ድፍን ነው፣ ግን ይተጣጠፋል። ፊቱና ጀርባውም አንድ ነው።

ከእንግሊዝኛ ንድፍ የምትሠሩ ካላችሁ አንድ ወጥመድ ተጠንቀቁ። አሜሪካኖች «ሲንግል ክሮሼ» የሚሉትን እንግሊዞች «ደብል ክሮሼ» ይሉታል፤ ሁለቱም ያው የኛ ነጠላ ነው። ንድፉ ውስጥ «ሲንግል» የሚል ቃል ካለ በአሜሪካ አጠራር የተጻፈ ነው።

መሞከሪያ ሥሩ። 24 ሰንሰለት፣ ወደ 12 ሴንቲ ሜትር ከፍታ። ከዚያ ሥራው ወደፊት እንደሚታጠበው እጠቡት፣ አድርቁት፣ ከዚያ ለኩት። ሳይታጠብ የተለካ ጥጥ ያሳስታል፤ ይሰበሰባልና። በ10 ሴንቲ ሜትር ውስጥ ነጠላውንና ሰንሰለቱን አንድ ላይ ስትቆጥሩ 18 ከመጣ ለ30 ሴንቲ ሜትር 54 ያስፈልጋል፤ 2 ጨምሩና በ56 ሰንሰለት ጀምሩ። ቁጥራችሁ ሌላ ከሆነ በዚሁ ስሌት አስሉት፤ ድምሩ ብቻ ሁልጊዜ ሙሉ ቁጥር (2፣ 4፣ 6…) ይሁን። መሞከሪያው ስትጨብጡት ከገተረ ኪሮሹን በግማሽ ሚሊ ሜትር አሳድጉ። ወደ መብራት አንስታችሁ ስታዩት ቀዳዳው ከታየ ደግሞ አሳንሱ።

ጨርቁ

56 ሰንሰለት ሥሩ። ሰንሰለቱን አጥብቆ መሥራት የብዙ ጀማሪ ችግር ነው፤ የታችኛው ጠርዝ ይሰበሰብና ካሬው ከታች ጠባብ ከላይ ሰፊ ይሆናል። መፍትሔው ሰንሰለቱን ብቻ በ4.5 ኪሮሽ ሠርቶ ወደ 4 መመለስ ነው።

የመጀመሪያው ረድፍ፦ ከኪሮሹ ቆጥራችሁ 4ኛው ሰንሰለት ላይ አንድ ነጠላ። ከዚያ አንድ ሰንሰለት፣ አንዱን ዝለሉ፣ ቀጣዩ ላይ ነጠላ፤ እንዲሁ እያላችሁ እስከ መጨረሻው። ጫፍ ስትደርሱ 27 ነጠላ ሊኖራችሁ ይገባል።

ሁለተኛውና ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ፦ ሁለት ሰንሰለት ሠርታችሁ አዙሩ። የመጀመሪያውን ነጠላ ዝለሉትና ኪሮሹን ከነጠላው አናት ሳይሆን ከሰንሰለቱ ሥር ባለው ክፍተት አስገብታችሁ ነጠላ ሥሩ። አንድ ሰንሰለት፣ ቀጣዩ ክፍተት ላይ ነጠላ። የመጨረሻው ነጠላ የሚያርፈው ባለፈው ረድፍ ለመዞር የሠራችሁት ሰንሰለት የተወው ክፍተት ላይ ነው። እንደገና 27።

ይህች የመጨረሻ ክፍተት ናት የምትረሳው። ጥጉ ላይ ተጣጥፋ ስለምትደበቅ የረድፉ መጨረሻ አትመስልም፤ በጣት ገለጥ ካላደረጓት አትታይም። አንዴ ከታለፈች ረድፉ 26 ይሆናል፣ በሚቀጥለው 25፣ ካሬው ሳታውቁት ወደ ሦስት ማዕዘን ይሄዳል። የመጀመሪያዎቹን አስር ረድፎች እያንዳንዳቸውን ቁጠሩ፤ ከዚያ በኋላ በየአምስት ረድፉ ይበቃል። ጎኑ ወደ ውስጥ የገባ ከመሰላችሁ ሳትቆጥሩ አትቀጥሉ። ስህተቱ ሁለት ረድፍ ላይ ሲያዝ አምስት ደቂቃ ነው፣ ሃያ ረድፍ ላይ ሲያዝ ግን ያስለቅሳል።

ከፍታውን ለማወቅ ሜትር አያስፈልግም። አንዱን የታች ጥግ አንስታችሁ ወደ ላይኛው ጠርዝ በሰያፍ እጠፉት። ጎኑ ከላይኛው ጠርዝ ጋር ልክ ከገጠመ ካሬ ሆኗል። በዚህ ክር ብዙውን ጊዜ 60 ረድፍ አካባቢ ይደርሳል።

ክር ሲያልቅ ወይም ቀለም ሲቀየር አትቋጥሩ። ቋጠሮ ለሕፃን ጥርስ ጥሩ ማላመጫ ነው፤ ይፈታል፣ ሲፈታም ከመሀል ይተረተራል። 15 ሴንቲ ሜትር አስቀርታችሁ በረድፍ ጫፍ ላይ አቁሙ፤ የመጨረሻውን ነጠላ ሁለት ቀለበት እስኪቀር በአሮጌው ሥሩና በሁለቱ ቀለበት የሚያልፈውን ክር ከአዲሱ ሳቡ። ፋብሪካው ራሱ ጥቅሉ መሀል ላይ የቋጠረው ካጋጠማችሁም ቆርጣችሁ ጣሉት፣ እንደ አዲስ ክር ጀምሩ።

ጠርዙ

ክሩን ሳትቆርጡ ዙሪያውን በነጠላ ዙሩ። ከላይና ከታች በእያንዳንዱ ነጠላና በእያንዳንዱ ክፍተት ላይ አንድ አንድ፤ ጥግ ላይ ሦስት አንድ ቦታ። በጎን በኩል በየረድፉ ጫፍ አንድ ይገባል፣ ግን 60 ረድፍ ከሆነና ላይኛው 54 ከሆነ ከአስር ረድፍ አንዱን ዝለሉ። ጠርዙ እንደ ቀሚስ ዘርፍ ከተርገበገበ በዝቷል፤ ጨርቁ እንደ ሳህን ከጎደጎደ አንሷል። ሁለተኛ ዙር ስትጨምሩ ጥግ ላይ ካሉት ሦስቱ የመሀከለኛው ላይ እንደገና ሦስት ሥሩ።

ዘርፍ፣ ፖምፖም፣ ሪባን፣ የሚንጠለጠል ማሰሪያ አይጨመር። ልጆች የልብስ ማርክ ማሻሸት ስለሚወዱ ይልቅ አንድ ጥግ ላይ ትንሽ ምላስ ሥሩለት፦ 6 ነጠላ ስፋት፣ 8 ሴንቲ ሜትር ርዝመት፣ ለሁለት ታጥፎ ዙሪያው በሙሉ የተሰፋ፤ ጣት የሚገባበት ቀለበት አይተው። በጨለማ እጁን ሰዶ የሚያገኛት ያችን ጥግ ነው።

ጭራ መደበቅ

የዚህ ሥራ ግማሹ ጥራት እዚህ ነው፤ ብዙ ሰው ግን ሥራው አለቀ ብሎ የሚቸኩለው እዚሁ ላይ ነው። ጭራውን በኪሮሽ ስቦ ሁለት ሦስት ጊዜ ማሾለክ ለጠረጴዛ ልብስ ይበቃ ይሆናል። የሚጎተትና የሚታኘክ ጥጥ ግን ያዳልጣል፣ ጭራውም በሁለተኛው እጥበት ብቅ ይላል።

ጭራውን በደነዙ መርፌ ውስጥ አስገቡ። መጀመሪያ በአንድ ረድፍ ውስጥ ወደ 5 ሴንቲ ሜትር አሳልፉ፤ በመንገዱ ላይ መርፌው በክሮቹ መካከል ሳይሆን የክሩን ግምድ ለሁለት እየሰነጠቀ ይለፍ። ከዚያ የመጨረሻዋን አንድ ነጠላ ዝለሉና በዚያው መስመር ወደ ኋላ ተመለሱ። ሦስተኛ ወደ ላይ፣ በሌላ ረድፍ። ጨርቁን በሁለት እጅ በየአቅጣጫው ሳቡት፤ ጭራው ትንሽ ወደ ውስጥ ይሸሻል፣ ያኔ ቁረጡት። ሳትስቡ ብትቆርጡት ግን መጀመሪያ ሲጎተት ጫፉ ይወጣል። ጭራን በሙጫ መለጠፍ ወይም አክሪሊክ ከሆነ በእሳት ማቅለጥ የሚሉ አሉ፤ የቀለጠው ጫፍ እንደ ደረቅ እሾህ ከንፈር ይወጋል።

ጭንቅላት ለሚፈልጉ

ጨርቁ ብቻውን ሙሉ ነው። ድብ ወይም ጥንቸል ከተጨመረበት ግን ልጁ የሚጨብጠው አንገት ያገኛል። በ3 ሚሊ ሜትር ኪሮሽ ሥሩት፤ ሥራው ካልጠበቀ የተሞላው ነጭ ነገር በክፍተቱ ይታያል፣ ቆይቶም ይወጣል።

ክሩን ጣታችሁ ላይ ሁለት ጊዜ ጠቅልላችሁ በቀለበቱ ውስጥ 6 ነጠላ ሥሩና ጭራውን ስባችሁ ዝጉት። ዙሩ የሚጀምርበት ላይ ሌላ ቀለም ክር አስቀምጡ። 2ኛው ዙር በእያንዳንዱ ላይ ሁለት ሁለት፣ 12 ይሆናል። ከዚያ በየዙሩ 6 እየጨመራችሁ 18፣ 24፣ 30፣ 36። ከ7ኛ እስከ 12ኛ ዙር ሳትጨምሩ 36። ከዚያ 30፣ 24፣ 18፣ አቁሙ። ስትቀንሱ ኪሮሹን ከሁለቱ ነጠላዎች ፊት ለፊት ባለው ክር ብቻ አስገብታችሁ አንድ ላይ አውጡ፤ በሁለቱም ክር ከተያዘ ጎርበጥ ያለ ቀዳዳ ይተዋል። መጨረሻ ላይ 40 ሴንቲ ሜትር ጭራ አስቀሩ።

የመነሻው ቀለበት ጭራ ችላ አይባልም። በመርፌ ቀለበቱን አንድ ጊዜ ደግማችሁ ዙሩት፣ ከዚያ በውስጥ በኩል በሦስት አቅጣጫ ደብቁት። ይህ ካልተደረገ የጭንቅላቱ አናት ከጊዜ በኋላ ይከፈታል።

ዓይን በክር ይጠለፍ። ከኋላ የሚቆለፈው የፕላስቲክ ዓይን «ለሕፃን የሚሆን» ተብሎ ቢሸጥም ልጁ ያኘከዋል፣ የኪሮሽ ሥራም ክፍተት አለውና መቆለፊያው ሊሾልክ ይችላል። የአሜሪካ ሕግ ከ3 ዓመት በታች ላሉ ልጆች በሚሠራ መጫወቻ ላይ ትንሽ ቁራጭን የሚለካው 31.7 ሚሊ ሜትር ስፋት ባለው ሲሊንደር ነው፤ እዚያ ውስጥ ሙሉ በሙሉ የሚገባ ነገር ሁሉ ሊያንቅ ይችላል ተብሎ ይታገዳል። አዝራርና ዶቃም እዚያው ናቸው። በ9ኛውና በ10ኛው ዙር መካከል፣ በ7 ነጠላ ርቀት፣ ወደ ታች የጎበጠ የተኛ ዓይን ጥለፉ። ይህን ከመሙላታችሁ በፊት አድርጉት፤ ጭራው በውስጥ በኩል ይደበቃል።

ጆሮ፦ 6፣ 12፣ ከዚያ ሁለት ዙር በ12። ጠፍጥፋችሁ ከ4ኛው እስከ 6ኛው ዙር ላይ ፊትና ጀርባውን ስፉ።

ለመሙላት የፖሊስተር ጥጥ ይሻላል። ጥሬ ጥጥ ውሃ ይዞ ይቆያል፣ ይጓጉላል፣ ሳይደርቅ ሻጋታ ይይዛል። ሩዝ፣ ባቄላ፣ ቃጭል አይገባም። ጭንቅላቱን በጨርቁ መሀል አስቀምጡና በ18ቱም ነጠላዎች ዙሪያውን ስፉ፤ ከዚያ ደግማችሁ ዙሩ። ሲያልቅ ጭንቅላቱን በአንድ እጅ፣ ጨርቁን በሌላው ይዛችሁ ልትገነጥሉት እንደምትፈልጉ ጎትቱ። ከላላ አሁን ይታወቅ።

እጥበትና ሁለተኛው

ከመስጠታችሁ በፊት እጠቡት። ጥጡ ይለዝባል፣ ያልተደበቀ ጭራም ካለ ይታያል። ጥጥ በ40 ዲግሪ ይታጠባል፤ ልብስ ማለስለሻ አይጨመርበት፣ የመምጠጥ ኃይሉን ይቀንሳልና። ጠፍጣፋ ቦታ ላይ ዘርግታችሁ ጥጎቹን በእጅ እያስተካከላችሁ አድርቁት፤ እርጥብ ሆኖ ከተሰቀለ ይለጠጣል። አክሪሊክን ካውያ አይንካው፤ አንዴ ከቀለጠ እንደ ላስቲክ ተኝቶ ይቀራል።

እንግሊዛዊው የሕፃናት ሐኪም ዶናልድ ዊኒኮት ልጆች ከእንዲህ ዓይነት ጨርቅ ጋር የሚፈጥሩትን ትስስር ሲገልጽ፣ እናት ጨርቁን ስታጥበው ለልጁ አንድ የተያያዘ ነገር እንደሚቋረጥበት ጠቅሶ ነበር። ልጁ የሚያውቀው ሽታውን ጭምር ነው። ስለዚህ ክሩ ሳያልቅ፣ የሎት ቁጥሩ ሳይለወጥ፣ ሁለተኛ አንድ ዓይነት ሥሩ። ሁለቱንም ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ እያፈራረቃችሁ ስጡት፤ እኩል እንዲያረጁ፣ እኩል እንዲሸቱ። ሁለተኛውን ለክፉ ቀን ብሎ ቁም ሳጥን ውስጥ ማስቀመጥ አይሠራም። አንደኛው የጠፋ ቀን አዲሱን ስታወጡለት አሽትቶ ይወረውረዋል።

በየእጥበቱ ጠርዙንና አንገቱን በጣት ዳስሱ። የተበጠሰ ክር ካለ ጫፎቹን አትቁረጡ፤ በተረፈው ክር በዚያው መስመር ደርባችሁ ስፉና ጭራዎቹን እንደ ላይኛው ደብቁ። ለዚህ ከመጀመሪያው 10 ግራም ያህል ክር አስቀሩ፣ ከጨርቁ ጋርም አብሮ ይታጠብ፤ ያለበለዚያ ጥገናው በሌላ ቀለም ይታያል። ጭንቅላቱ ሳስቶ ነጩ ነገር ብቅ ካለ ግን አይጠገንም። ስፌቱን ፈትታችሁ ጭንቅላቱን አውጡና ጨርቁን ብቻ መልሱለት።